«ማህፀኔን» ስትል የት ማለቷ ነው? ስለ ሴት ውጫዊ ብልት እብጠትና ሕመም

ባለፈው ክረምት ሰፈሬ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ተራዋ ሲደርስ ፈቀቅ ብላ ከኋላዋ የነበሩትን ሁለት ወንዶች አሳለፈች። እነሱ ከወጡ በኋላ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ማህፀኔን ያሳክከኛል፤ አብጦብኛልም» አለች። ባለሙያዋ ቀና ብላም አላየቻትም። ለፈንገስ የሚሰጠውን አንድ ፍሬ እንክብልና አንድ ቱቦ ቅባት በወረቀት ጠቅልላ አቀበለቻት። ሒሳብ ተከፈለ፤ ሴትዮዋ ጥቅልሉን ከነጠላዋ ሥር ወሸቅ አድርጋ ወጣች። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

መድኃኒቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እኔን የከነከነኝ ቃሉ ነው። ማህፀን አያሳክክም። ማህፀን ከእምብርት በታች፣ ከሽንት ፊኛ ጀርባ የተቀመጠ፣ ያላረገዘች ሴት ላይ ጡጫ የማያክል ጡንቻማ አካል ነው፤ ማንም ሴት በእጇ ዳብሳ «አብጧል» ልትለው አትችልም። የሚያሳክከውና የሚያብጠው ከውጭ ያለው ነው። በእኛ አነጋገር ግን ከእምብርት በታች ያለው ሁሉ ማህፀን ነው፤ ፈሳሽ ሲወርድም ማህፀን፣ ሲቆስልም ማህፀን፣ ሲያቃጥልም ማህፀን። ከዚያ የተረፈን ጨዋ ቃል «ሐፍረተ ሥጋ» ነው፤ ስሙ ራሱ «እፈሪ» ይላል። «ብልት» የሚል ቃልም አለን፤ እሱን ደግሞ በኩራት የምንጠራው ስለ ዶሮ ስናወራ ነው። ዶሮ ገንጥላ አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ በአንድ በስማቸው የምትቆጥር ባለሙያ ሴት፣ የራሷን ብልት ክፍሎች በስም እንድትጠራ ማንም አላስተማራትም።

የቃሉ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የምትኖር እህታችን በአስተርጓሚ በኩል «ማህፀኔ አብጧል» ብትልና አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ቢያስተላልፈው፣ ሐኪሙ ሊያዝላት የሚችለው የማህፀን አልትራሳውንድ ነው። ውጤቱም ማህፀኗ ጤነኛ መሆኑን ይናገራል። እውነትም ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሌላ ቦታ ነውና።

በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም?

ውጫዊው ብልት ከላይ ጸጉር የሚበቅልበትን ጉብታ፣ ሁለቱን ትላልቅ ከንፈሮች፣ በእነሱ መካከል ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ከንፈሮች፣ ቂንጥርን፣ የሽንት ቀዳዳውንና የብልት በሩን ያጠቃልላል። የቦታው ሥጋ ልል ነው፤ የደም ሥሮቹም ብዙ ናቸው። በዚህ ጠባዩ ከዓይን ቆብ ጋር ይመሳሰላል። ትንኝ የነከሳት ልጅ ጠዋት ዓይኗ ድፍን ብሎ እንደምትነሣ ሁሉ፣ እዚህም ቦታ ትንሽ ቁጣ ትልቅ እብጠት ያመጣል። ስለዚህ የእብጠቱ መጠን ብቻውን የበሽታውን ክፋት አይነግረንም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠፋ መወጣጠር ደም ወደ ቦታው ከመሄዱ የሚመጣ ጤናማ ነገር ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ከንፈሮች እኩል አለመሆናቸውም እንደዚያው፤ ብዙ ሴቶች ላይ አንደኛው ከሌላው ይረዝማል።

ብዙ ነገር የሚለየው ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ያበጠው በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ሁለቱንም ወገን ያሳበጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ሁሉ የነካ ወይም ያዳረሰ ነገር ነው፤ ሳሙና፣ ፈንገስ፣ አለርጂ፣ እርግዝና። በአንድ ወገን ብቻ እንደ እንቁላል ጉብ ያለ ደግሞ የተደፈነ ዕጢ፣ ብጉንጅ፣ የቋጠረ ደም ወይም ጠባሳ ሥር የበቀለ ነገር ይሆናል። ሕጉ ፍጹም አይደለም። ሆኖም ያንን ጥያቄ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ማንም ቢጠይቅ ኖሮ ግማሹ መንገድ በተሄደ።

ከሁለቱም ወገን እጀምራለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜም ከሳሙና።

የሴት ብልት ውስጡን በራሱ ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የላክቲክ አሲድ ያመርታሉ፤ በዚህም የቦታው የአሲድነት መለኪያ ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል፤ ብዙ ጎጂ ተሕዋስያን በዚህ ውስጥ አይመቻቸውም። የልብስም ሆነ የገላ ሳሙና በአብዛኛው ከዚህ በተቃራኒው ወገን ነው፤ መለኪያው 9ና 10 ይደርሳል። ውጪው ቆዳ ደግሞ በክንድ ላይ እንዳለው ወፍራም አይደለም። ስለዚህ ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ለቁስል ማጠቢያ የተሠራ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ፣ አቼቶ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ጨው የበዛበት ሙቅ ውሃ፣ እርጥብ የሽቶ ወረቀት ሁሉም ቆዳውን ያስቆጡታል። ቆዳው ሲቆጣ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ሴትዮዋ ታዲያ ምን ታደርጋለች? «አልነጻ ብሎኝ ነው» ብላ በቀን ሦስት ጊዜ ትታጠብ የነበረችው አምስት ጊዜ መታጠብ ትጀምራለች። ሕመሙ የሚብሰው በንጽሕና እጦት ሳይሆን በንጽሕና ብዛት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «ሴት ልጅ ንጹሕ መሆን አለባት» እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህንን ለመቀበል እንቸገራለን፤ እኔም ተቸግሬ ነበር። ለውጪው ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ለውስጡ ምንም አያስፈልገውም።

የሚያስቆጣው ነገር ሁልጊዜ ከሳሙና መደርደሪያ አይመጣም። በዱቄት ሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ የውስጥ ሱሪ፣ ሽቶ የተረጨበት ሞዴስ፣ ላብ የማያስወጣ ናይለን፣ በደነዘዘ ምላጭ የተላጨ ጸጉር፣ የኮንዶሙ ጎማ ራሱ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አካባቢዎች ሴቶች የሚሞቁት የወይባ ጢስም ሙቀቱ ሲበዛ ስሱን ቆዳ ያደርቀዋል፤ ከቀረቡትም ያቃጥለዋል። ባህሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቦታው ቀድሞ ተቆጥቶ ሳለ ጢስ ላይ መቀመጥ ግን በቁስል ላይ በርበሬ መጨመር ነው። ምክንያቱ የሚያስቆጣ ነገር ከሆነ፣ ያ ነገር ሲቆም በቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል። ለድሃም ለሀብታምም ከዚህ የሚቀል ምርመራ የለም፤ በየተራ ማቆምና ማየት ነው።

ቀጥሎ ፈንገስ አለ። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንዲዳ የሚባለው ነው። ምልክቱ ኃይለኛ ማሳከክ፣ መቅላት፣ የሁለቱም ከንፈሮች ማበጥ፣ ሽንት ሲነካው ማቃጠል፣ እንደ አይብ የተቋጠረና ሽታ የሌለው ነጭ ፈሳሽ ነው። ለሌላ በሽታ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ፣ በእርግዝና ጊዜ፣ የስኳር በሽታ ሲኖር፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይበረታል። ካንዲዳን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ሁሉም ማሳከክ እሱ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የፈንገስ መድኃኒት የገዙ ወይም ሊገዙ የነበሩ 95 ሴቶችን መርምሮ ነበር። ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶው ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሌላ በሽታ ወይም ከፈንገስ ጋር የተደባለቀ ነገር ነበረባቸው፤ አንዳንዶቹም ምንም አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የምትወጣው ሴት እንክብሉ የማይመለከተው ሕመም ይዛ እየወጣች ሊሆን ይችላል።

በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ፈንገስ ደግሞ እንደገና እንክብል ከመግዛት ይልቅ የደም ስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይፈልጋል። አንዳንድ ሴቶች ስኳር እንዳለባቸው መጀመሪያ የሚያውቁት ከዚህ ነው። ለስኳር በሽታ ከሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት ዓይነቶችም ፈንገሱን ይጋብዛሉ። ነፍሰ ጡር ሴት በአፍ የሚወሰደውን የፈንገስ እንክብል በራሷ ፈቃድ መዋጥ የለባትም፤ ለእርሷ የሚመረጠው ለሰባት ቀን በቦታው የሚደረግ ቅባት ወይም የሚገባ ፍሬ ነው።

ትሪኮሞናስ ከፈንገስ ጋር ሲምታታ ይኖራል። በግንኙነት የሚተላለፍ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን አዲስ ሕመም እንደነበረ ገምቷል። ፈሳሹ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ፣ አንዳንዴ አረፋ ያለው፣ ሽታው መጥፎ ነው። የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። ሌላው ችግር ባል ነው፤ ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ምንም ስላልተሰማው አይታከምም፤ ካልታከመ ደግሞ ሚስቱ ጨርሳ በዳነች ማግስት ይመልስላታል። ለሁለት የሚሆን መድኃኒት ይዛ ወደ ቤት የሄደች ሴት የሚጠብቃትን ውይይት አስቡት። ጤና ጣቢያዎች ባልን በወረቀት የሚጠሩበት አሠራር ያላቸው ለዚህ ነው። የዓሣ ሽታ የሚመስል ፈሳሽ ብቻ ኖሮ እብጠትም ማሳከክም ከሌለ ግን ነገሩ የባክቴሪያ መዛባት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በአብዛኛው አያሳብጥም።

ከማሳከክ ይልቅ ሕመሙ ከበረታ ሐሳብ ወደ ኸርፒስ መሄድ አለበት። በመጀመሪያው ጊዜ የሚነሣው ኸርፒስ ከባድ ነው፤ ከተጋለጡ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ብጉሮች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ይቆስላሉ፤ ከንፈሮቹ ያብጣሉ፤ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ትኩሳት ይኖራል። ሽንት ቁስሉን ሲነካው ከማቃጠሉ የተነሣ ሽንት ጨርሶ እንቢ ሊል ይችላል። በሽንት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ማፍሰስ ወይም ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ መሽናት ብዙ ያቀላል፤ ቀላል ነገር ነው፣ ማንም ግን አይነግራትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጀመረ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት የሕመሙን ጊዜ ያሳጥራል። የማያም ነጠላ ቁስል ካለ ቂጥኝ፣ የሚያም ቁስል ከመግል ንፍፊት ጋር ካለ ከርክር፣ ቁስሉ ሳይታወቅ ንፍፊቱ ብቻ ገዝፎ ከወጣ ባምቡሌ ይታሰባል። ቁስል ያለበት ቦታ ለኤች አይ ቪም በር ስለሆነ ምርመራው አብሮ መደረጉ ትርፍ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቅባት አንድ ነገር ልበል። ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ማሳከክን በአንድ ሌሊት ያስታግሣሉ፤ ስለዚህ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዘዋወራሉ። «ለእኔ ለእጄ ያዘዙልኝ ነው፣ ወዲያው ነው የሚያድነው» ተብሎ ይሰጣል። ከሥር ያለው ፈንገስ ወይም ኸርፒስ ከሆነ ግን ቅባቱ የሚያጠፋው ምልክቱን ነው፤ በሽታው ግን ይስፋፋል። ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሥዕሉ ተበላሽቶ ምን እንደነበረ ለማወቅ ይቸግራል።

ከሁለቱ ወገን እብጠት አስቸኳይ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ምግብ ወይም መድኃኒት ከተወሰደ፣ ወይም ነፍሳት ከነከሰ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድንገት የሚመጣ፣ ከከንፈርና ከፊት ማበጥ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚታይ አለርጂ ነው፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። ሁለተኛው የነፍሰ ጡር ነው። እርግዝና ሲገፋ ብልት ላይ የደም ሥሮች መወጠር፣ ሰማያዊ ጉብታ መሆን፣ ማታ ማታ መክበድ የተለመደ ነው፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛው ይጠፋል፤ በግራ ጎን መተኛትና እግርን ከፍ ማድረግ ያግዛል። ነገር ግን ብልቱ በኃይል ካበጠ፣ ፊትና እጅም ካበጠ፣ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ከተብለጨለጨ፣ የደም ግፊት የሚያመጣው የእርግዝና አደጋ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም።

በአንድ ወገን ጉብ ሲል

በ1677 ካስፓር ባርቶሊን የተባለ የዴንማርክ የአካል ጥናት ሊቅ የጻፋቸው ሁለት ዕጢዎች ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። የሚገኙት በብልት በሩ ግራና ቀኝ ታችኛው ክፍል ነው፤ የሰዓት መልክ ብናስብ 4ና 8 የሚሉት ቁጥሮች በተጻፉበት ቦታ (በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በቁጥሩ)። እያንዳንዱ የአተር ፍሬ ያህላል፤ ጤነኛ ሲሆን አይዳሰስም። ሥራው ቦታውን ማርጠብ ነው። ፈሳሹ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀምና ውኃ የቋጠረ ጉብታ ይሆናል። ትንሽ ከሆነና ካላመመ ብዙ ሴቶች አያውቁትም፤ ሕክምናም አይፈልግም። ተሕዋስያን ሲገቡበት ግን መግል ይይዛል፤ ያኔ ሴትዮዋ እንደ ልቧ መራመድ አትችልም፣ መቀመጥ አትችልም፣ ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎን ተደግፋ ትሄዳለች። ከመቶ ሴት ሁለቱን ያህል በሕይወት ዘመናቸው ያጋጥማቸዋል፤ አብዛኞቹ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው።

የባርቶሊን መግል በግንኙነት ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል ብዙዎች፤ በዚህም የተነሣ ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ሲገባ ይታያል። ጨብጥና ክላሚዲያ አንዳንዴ ያመጡታል፤ እውነት ነው። ከመግሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን አንጀት ውስጥ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ምርመራ እንጂ ፍርድ አይቅደም።

ሕክምናው ላይ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ የታወቀ ነው። ቤት ውስጥ በመርፌ መብጣት አለ፤ ይህ ተሕዋስያንን ወደ ጥልቅ ይገፋል። ክሊኒክ ሄዶ በምላጭ ሰንጥቆ አፍስሶ መመለስም አለ፤ ሴትዮዋ ያን ዕለት እፎይ ትላለች፣ ቀዳዳው በቀናት ውስጥ ይገጥማል፣ ከወራት በኋላ ያው ጉብታ ይመለሳል። ዋናው ሥራ ፈሳሹን ማውጣት ሳይሆን አዲስ መውጫ ማበጀት ነው። ለዚህ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አራት ሳምንት ያህል ማቆየት፣ ወይም የጉብታውን ግድግዳ ከቆዳው ጋር ሰፍቶ ክፍት መተው ይቻላል። ገና ትንሽ ሳለ ግን በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ በራሱ እንዲፈስ ሊረዳ ይችላል። ውኃው ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ጨውም፣ ቅጠልም። ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ሴት ላይ አዲስ የወጣ የባርቶሊን ጉብታ ከሆነ ከግድግዳው ናሙና መውሰድ ይገባል፤ አልፎ አልፎ ካንሰር ስለሚሆን ነው።

ጸጉር ባለበት ቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ቀይና ጫፉ ነጭ የሆነ ጉብታ ግን ብጉንጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመላጨት ይመጣል። ለብ ያለ ጨርቅ እየደረቡ መተውና አለመጭመቅ ይበቃል። ስትስል ወይም ስትገፋ የሚወጣ፣ ስትተኛ የሚመለስ ከሆነ ከሆድ የወረደ አንጀት (ቡአ) ሊሆን ይችላል። በመውደቅ ወይም ብስክሌት ላይ በመቀመጥ የተመታ ቦታ ደግሞ ደም ቋጥሮ በደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊ ይሆናል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይደረግበታል፤ እየገዘፈ ከሄደ ሆስፒታል ነው። ከወሊድ በኋላ ከሚጠበቀው የስፌት ሕመም በላይ የበረታ፣ ወደ ፊንጢጣ የሚገፋ ሕመምና እብጠት የመጣባት አራስ «ስፌቱ ነው» ተብላ መታለፍ የለባትም፤ ከውስጥ ደም እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ በግዳጅ ግንኙነት የመጣ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ይቆጠራል፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የእርግዝና መከላከያው በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ክትትሉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ።

ስኳር ያለባት ሴት ላይ እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ፣ ሕመሙ ከሚታየው በላይ የሆነ፣ ቆዳው የሚጠቁር ከሆነ አንድ ሌሊት ማሳደርም አደጋ ነው።

ጠባሳው የሚናገረው

የኢትዮጵያን ሴት እብጠት ግርዛትን ሳይጠቅሱ ማብራራት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ፤ በ2005 ቁጥሩ 74 በመቶ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ መስፋትን በወንጀልነት ደንግጓል። ሕጉ ሕፃናቱን ይጠብቅ፤ የተገረዙት ግን ዛሬ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፤ ጠባሳቸውም አብሮአቸው አድጓል።

ሲቆረጥና ሲሰፋ የቆዳው የላይኛው ሽፋን ጠባሳው ውስጥ ይቀበራል። የተቀበረው ሽፋን ግን ሥራውን አያቆምም፤ የሞቱ ሴሎችንና ቅባቱን መጣሉን ይቀጥላል፤ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል። ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ቂንጥሩ በነበረበት ቦታ ላይ የማያም፣ ክብ፣ ሲነኩት የሚንሸራተት ጉብታ ይወጣል። ቀስ ብሎ ያድጋል። ብርቱካን እስኪያህል ድረስ የቆየባቸው አሉ። ሴትዮዋ ከካንሰር እስከ እርግማን ብዙ ታስባለች፤ ከልጅነቷ ጉዳይ ጋር የምታገናኘው ግን እምብዛም ነው፤ ቆይቷላ። ያልሠለጠነ እጅ እንደ ብጉንጅ ሲበጣው ይመረቅዛል። ትክክለኛው መንገድ ከነከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። የነርቭ ጫፍ ጠባሳ ውስጥ ተጠምዶ የሚፈጠር ሌላ ጉብታም አለ፤ እሱ ትንሽ ነው፣ የውስጥ ሱሪ ሲነካው ግን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። በተሰፉት ላይ ደግሞ ሽንትና የወር አበባ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ቦታው ረጥቦ ይኖራል፤ መቆጣትና ማበጥ ይመላለሳል።

ወልዳ የጨረሰች፣ ውኃና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት «አብጦ ወጣብኝ» ስትል ደግሞ እብጠት ላይሆን ይችላል። ስትቆም ወደ ውጭ የሚወርድ፣ ስትተኛ የሚመለስ፣ ከሸክም በኋላ የሚብስ ከሆነ የማህፀን መውደቅ ነው። እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማህፀኔ» ማለቷ ልክ ነው። የሚገርመው በዚህ ጊዜ ነው ብዙዎች ቃሉን የማይጠቀሙት፤ «ዕጢ ወጣብኝ» ይላሉ፤ ለዓመታትም ይደብቁታል። የጎማ ቀለበት በውስጥ አስቀምጦ መያዝም ቀዶ ሕክምናም አለው።

ቀስ ብለው የሚመጡት ሕመሞች ብዙ ድምፅ አያሰሙም። በተለይ ካረጡ ሴቶች፣ አንዳንዴም ጉርምስና ካልደረሱ ልጃገረዶች ላይ፣ ቆዳው እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳና ነጭ የሚሆንበት፣ ሌሊት የሚያሳክክ፣ ቀስ በቀስ ትንንሾቹን ከንፈሮች የሚያጣብቅ የቆዳ በሽታ አለ። ቅድም ያወገዝኩት ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት እዚህ ዋናው መድኃኒት ነው፤ ልዩነቱ በሐኪም ታይቶ፣ ተለክቶ፣ ለወራት ክትትል ተደርጎበት መሰጠቱ ነው። ካልታከመ በጥቂቶች ላይ ወደ ካንሰር ስለሚሄድ ክትትሉ ይቀጥላል። የውጫዊ ብልት ካንሰር ብዙ የሚታይ አይደለም፤ ከወር በላይ የቆየ ቁስል፣ የማይጠፋ ጠጣር ጉብታ፣ ቀለሙ የተለወጠ ቆዳ፣ የሚደማ ቦታ ካለ ግን ናሙና ይወሰዳል። የዚህ ካንሰር አንዱ ምክንያት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው፤ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ይህንንም ይከላከላል።

ትንሽ ልጅ «ያመኛል» ስትል በአብዛኛው ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሳሙና፣ አጥብቆ መጥረግ፣ ሌሊት ከፊንጢጣ የሚወጡ ቀጫጭን ነጫጭ ትሎች፣ ጠባብ ልብስ። ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የተቀደደ ነገር ካለ ግን ያለ ጩኸት፣ ልጅቷንም በጥያቄ ሳያፋጥጡ ወደ ሕፃናት ሐኪም ነው የሚሄዱት።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት ወይም ሌላ ሴት አብራ እንድትቆም መጠየቅ መብቷ ነው። ምርመራው ዓይንን፣ ጓንት ያደረገ እጅን፣ አንዳንዴ በጥጥ የሚወሰድ ፈሳሽን ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ውስጡን አለመታጠብና ቅባት አለመቀባት ናሙናው እውነቱን እንዲናገር ያደርጋል። «ከውጭ ነው፣ በግራ በኩል፣ ከሦስት ቀን ወዲህ፣ ያማል እንጂ አያሳክክም» ብላ ብትገባ ለባለሙያው የሚቀረው ጥቂት ነው። ከዚህ ቀደም የተቀባችውን ሁሉ፣ ሳሙናውን፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን ቱቦ፣ ያለቀውንም ካርቶን ጭምር፣ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ትሂድ። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ የሕመሙ ምክንያት ራሱ ከዚያ መካከል የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።